ጫማህን አውልቅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የፖድካስቴ ክፍል ያልጨረስኩትን የድመቱን ትዕይንት ዳግመኛ አላነሳም ብዬ ቃል ገብቼ ነበርና ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ድመቱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ጣራ ላይ እንደወጣ ይቆይ። ወንበሬም እንደ ልማዷ ትጮኻለች፤ ከእኔ ቀድማ አስተያየት መስጠት ስለምትወድ ታገሷት።

ዛሬ ላወራ ያሰብኩት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን ማክሰኞ ዕለት አንዲት ወጣት ጸሐፊ ደውላ፣ ወደ ኮሜዲ ጽሑፍ የገባችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት እንደሆነ ነገረችኝ። የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከወንድሙ ጋር ሃያ ዓመት ተኳርፎ የኖረው ሰው በር ላይ ቆሞ ያንን ረጅም ይቅርታ ሲጨርስ፣ ወንድምየው ዝቅ ብሎ የእንግዳውን እግር ያይና «ገና አሁን ነው የወለወልኩት፤ ጫማህን አውልቅ» ይለዋል። ልጅቷ በቃሏ ወጣችልኝ፤ እኔም «አመሰግናለሁ» አልኳት።

ዓረፍተ ነገሩ የእኔ አይደለም።

ያ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ ሰባት ጸሐፊዎች ነበርን። በማግስቱ ጠዋት ተዋንያኑ ስክሪፕቱን በጋራ ሊያነቡ ቀጠሮ ተይዞ ሳለ፣ የዚህ ትዕይንት መደምደሚያ ግን እስከ እኩለ ሌሊት አልተገኘም ነበር። ወንድምየው በሩን በእንግዳው አፍንጫ ላይ ይዝጋው ወይስ አይዝጋው እየተባለ ጩኸቱ ቀልጧል። ጋሼ — ስማቸውን አልጠራም፣ እኔ ሁልጊዜም ጋሼ ብቻ ነበር የምላቸው — መስኮቱ ሥር ተቀምጠው እርሳሳቸውን ይቀርጻሉ። ያንን ዓረፍተ ነገር ያሉት ቀና ሳይሉ፣ ለእርሳሱ እንደሚነግሩት ያህል ቀስ ብለው ነበር። የሰማሁት አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ሰው ዞር ብሎ «ምን አሉ?» ይላቸው እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልዞረም። ከዚያ በኋላ ተነሥቼ፣ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ፣ እንደ ራሴ አድርጌ ተናገርኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዋናው ጸሐፊ ጠረጴዛውን በጥፊ መትቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

ጋሼም ሳቁ። ከሁሉም ዘግይተው፣ እኔን እያዩ ሳቁ፤ ከዚያም ወደ እርሳሳቸው ተመለሱ።

እንደገና ልመልሰው። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ እኔ እስክነሣ ድረስ የጠበቅሁት ሁለት ትንፋሽ ያህል ይሆናል። ለዓመታት ለራሴ ስነግረው የኖርኩት «ጊዜ አልነበረም» እያልኩ ነው። ነገር ግን ማክሰኞ ማታ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለካሁት፤ በሁለት ትንፋሽ ውስጥ «ጋሼ የተናገሩትን ስሙ» ማለት ይቻላል። እንዲያውም ትርፍ ይቀራል።

የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። ከ1950 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ሲድ ሲዘር በሚመራው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የዘጠና ደቂቃ የቀጥታ ስርጭት ኮሜዲ፣ በዩር ሾው ኦፍ ሾውስ፣ የጸሐፊዎቹ ክፍል በጩኸት የታወቀ ነበር። ሜል ብሩክስን በመሰሉ ሰዎች መካከል ድምፅን ማሰማት ራሱን የቻለ ትግል ስለነበረ፣ ከጸሐፊዎቹ አንዷ የሆነችው ሉሲል ካለን ትልቁ ችግሯ መደመጥ እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ኒል ሳይመንም ድምፁ ዝቅ ያለ ወጣት ነበር። ካርል ራይነር አጠገቡ ይቀመጥና፣ ሳይመን የሚያንሾካሹካትን ቀልድ እንደሰማ ተነሥቶ «ኒል አገኛት!» ብሎ ይጮኽ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ በየስልጠናው ለጀማሪዎች ተርኬዋለሁ፤ ሲያጨበጭቡልኝም ጎንበስ ብያለሁ። ራይነር የቆመበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ሁኔታ፣ እኔም እንደቆምኩ ግን እስከዚህ ሳምንት ድረስ ትዝ አላለኝም። ወይም ትዝ ብሎኛል፤ አላውቅም።

ለራሴ ጥብቅና ልቁም። ብዙ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሚጽፍበት ክፍል ውስጥ ቀልድ ባለቤት የለውም። ፕሮግራሙ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ስም ረቂቁን እንዲጽፍ የተመደበው ሰው ስም ነው፤ ከንግግሮቹ ግማሹን የወለዱት ሌሎች ቢሆኑም እንኳ። ማስታወቂያው ሲቀነስ ለግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚቀር፣ እያንዳንዱን ሳቅ ማን ወለደው ብሎ መዝገብ የሚይዝ የለም። የእኔም ስንት ቀልድ በሌላ ሰው ስም ወጥቷል! ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ስናገረው ግን ከንፈሬ ይደርቃል።

ሁለተኛ መከላከያም ነበረኝ። ጋሼ ያሉት «ገና አሁን ነው የወለወልኩት፤ ጫማህን አውልቅ» ነበር፤ እኔ ስጮኽ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ «ጫማህን አውልቅ፤ ገና አሁን ነው የወለወልኩት» ብያለሁ። ስለዚህ ቢያንስ አሻሽዬዋለሁ እያልኩ ስጽናና ኖሬያለሁ። ነገር ግን አስቡት። ይቅርታው ያለው «ጫማህን አውልቅ» በሚለው ውስጥ ነው፤ ጫማውን የሚያወልቅ ሰው ወደ ቤት የሚገባ ሰው ነውና። እሱን አስቀድሜ ምክንያቱን ከኋላ ስጎትት፣ ቀልዱን አውጥቼ መግለጫ ጨመርኩበት። ይባስ ብሎ፣ በቀረጻው ቀን ተዋናዩ ሳይታወቀው ገልብጦ በጋሼ ቅደም ተከተል ተናገረው፤ ዳይሬክተሩም «እንዲያ ይሻላል» ብሎ አስቀረው። ልጅቷ ማክሰኞ የወጣችልኝም እሱኑ ነው። ከእኔ የቀረ አንድም ነገር የለበትም።

ትናንት ያንን የፕሮግራሙን ክፍል ከፍቼ አየሁት። ሳቁ ረጅም ነው። ታዲያ ሳቁም የተጨመረ ነው! ቻርሊ ዳግላስ የተባለ የድምፅ ባለሙያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቀዳ ሳቅ በቁልፍ እየተጫነ የሚያወጣ ሳጥን ከሠራ ወዲህ፣ ቴሌቪዥን ያልተሳቀበትን ሲያስቅ ኖሯል። በ1972 እ.ኤ.አ. በተጀመረው፣ ስለ ጦር ሜዳ ሆስፒታል በሚያወራው ማሽ በተባለው ኮሜዲ ላይ ላሪ ጌልባርትና ባልደረቦቹ ጣቢያው የተቀዳ ሳቅ እንዲገባ ሲያስገድዳቸው፣ ቢያንስ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ እንዳይሰማ አድርገዋል። ያ ዓይነት ስምምነት እኔም ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ በሩ ላይ ያለው ትዕይንት ያለ ሳቅ፣ ዝም ብሎ ቢያልፍ። እውነተኛው ሳቅ የተሳቀው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሳቂዎቹም አንዱ ጋሼ ነበሩ።

ለምን ሳቁ? ቀልዳቸው ስለተደመጠ ተደስተው ይሆናል። ከእኔ አፍ ሲሰሙት የራሳቸው መሆኑን አላስተዋሉት ይሆናል፤ እርሳስ እየቀረጸ የሚያስብ ሰው አንዳንድ ጊዜ ምን እንዳለ አያውቅም። ወይም ደግሞ... የመጨረሻውን አማራጭ ስጀምረው ወንበሬ ጮኸች፤ እሷም አልወደደችውም።

ሐሙስ ደወልኩላቸው። ጤናቸውን ጠየቅሁ፤ ደህና ነኝ አሉ። ድምፃቸው ያው ነው፤ ስልኩን ጆሮዬ ላይ መጫን ነበረብኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ...» ብዬ ስጀምር፣ እሳቸው ቀደሙኝና «ድመቱስ ወረደ?» አሉኝ።

ይህን ፖድካስት እንደሚያዳምጡ አላውቅም ነበር።

«ገና ነው ጋሼ» አልኳቸው። ሳቁ። ያኔ ከሳቁት ሳቅ ጋር አንድ መሆን አለመሆኑን ለመለየት እየጣርኩ ሳለ፣ ደህና ሁን ብለውኝ ኖሯል፤ ስልኩ ተዘግቶ አገኘሁት። መልሼ ልደውል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እንግዲህ ይህን ክፍል ከለቀቅሁት ይሰሙታል፤ ይቅርታውንም እንደገና በሰው ሁሉ ፊት፣ በትልቅ ድምፅ፣ የተናገርኩት እኔ ልሆን ነው፣ እሳቸው ደግሞ እዚያ መስኮቱ ሥር...

ቆዩ፣ ለአፍታ ላቁመው።