ዛሬ የሚወጣ!

እሷ፦ ዛሬ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ሎተሪ አዟሪው «ዛሬ የሚወጣ! ዛሬ የሚወጣ!» እያለ ከመስኮት መስኮት ይሮጣል። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ «ማታ ስመለስ እወስዳለሁ» አለው። ማታማ ምን አለ?

እሱ፦ አልቋላ! ብዙ ሰው ቲኬቱ ላይ ያለውን ቀን ያይና እስኪመሽ የሚሸጥ ይመስለዋል። እሱ እኮ ዕጣው የሚወጣበት ቀን ነው። ሽያጩ ቀድሞ ነው የሚዘጋው።

እሷ፦ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ቢሸጥ ምን ችግር አለው?

እሱ፦ ዕጣው የሚወጣው ሕዝብ ፊት ነው። ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ አንድ ቲኬት እንኳ ቢሸጥ ከዚያ ወዲያ ማን ያምናል? የትም አገር እንደዚሁ ነው። የአሜሪካው ፓወርቦል ሎተሪ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:59 (በፈረንጆቹ 10:59) ላይ ይወጣል፤ ሽያጩ ግን ቀደም ብሎ ይዘጋል።

እሷ፦ እኔን ያሳዘነኝ አዟሪው ነው።

እሱ፦ አጎቴ እዚሁ ሰፈር ሎተሪ ያዞር ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ ገና ሰው ሲገባበት። ያልሸጠውን ሰዓቱ ሳያልፍ ለሰጠው ሰው መመለስ ነበረበት። ሰውየው ደግሞ መሃል ከተማ ነው። አንድ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ዝናብ ያዘው፣ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ሲደርስ «አልፏል» አሉት። አሥራ ሁለት ቲኬት በደረት ኪሱ ይዞ ተመለሰ። ጠርዛቸው ረጥቦ ነበር። ሂሳቡን ከራሱ ከፈለ።

እሷ፦ ውይ! አንዱም አልወጣለትም?

እሱ፦ ማውጫውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ። የአንዷ የመጨረሻ ቁጥር ገጠመ። ትንሿ ዕጣ ናት፤ ያም ሆኖ ደስ ብሎት ነበር።

እሷ፦ በስልክ የሚቆርጡትስ? በ605 የሚቆረጠው አድማስ ሎተሪ?

እሱ፦ እሱንም ለመጨረሻ ሰዓት አታቆዪው። ዝናብ ሲጥል የሰፈራችንን ኔትወርክ ታውቂዋለሽ። ከዋዜማው ቁረጪ።

እሷ፦ እኔስ ከዚያ ልጅ ነው የምገዛው። ታክሲ ሰልፉ ፊት ለፊት፣ ሊስትሮዎቹ አጠገብ ይቆማል። ነገ ጠዋት የሚቀጥለውን እወስድለታለሁ፤ ቀኑ ገና እያለ።