ሁለተኛው ምርጫ መጠበቂያ ክፍል አይደለም

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው እንደወትሮው ከሰንጋ ተራ ነው፤ ከታች የመኪና ጥሩምባ ከሰማችሁ ታገሡኝ።

የዛሬውን ርእስ የመረጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። የዲፓርትመንት ምደባ በወጣ ቁጥር በቴሌግራም የሚደርሰኝ መልእክት ይበዛል። ነገሩ አንድ ነው፤ «ሜዲስን አልደረሰኝም፣ ምን ላድርግ?» የአንዷ ልጅ የድምፅ መልእክት ግን ሰሞኑን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጂፒኤዋ ከመቁረጫው ያነሰው በትንሽ ነው። ያስለቀሳት ግን እሱ አልነበረም። «ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?» ነው ያለችው።

አዲስ ለምትሰሙኝ፣ እኔ ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በጊዜዬ ሜዲስን አንደኛ ምርጫ አድርጌ ሞልቼ አልደረሰኝም። ስለዚህ የምናገረው ከዳር ሆኜ አይደለም።

መጀመሪያ አሠራሩን እንየው። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህን ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ፍሬሽማን ይማራል። ከዚያ ዲፓርትመንት ለመምረጥ እንደገና ይወዳደራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። ሜዲስን የሚፈልገው ልጅ ብዙ ነው፤ ወንበሩ ጥቂት ነው። መቁረጫውን የሚወስነው በዚያ ዓመት ስንት ወንበር እንዳለና ከእናንተ ጋር ማን ማን እንደተወዳደረ ነው። አምና የሚያስገባ ነጥብ ዘንድሮ ላያስገባ ይችላል። በሽተኛ አጠገብ ስትቆሙ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆኑ ግን የለካው ፈተና የለም። ስለዚህ «አልደረሰኝም» በሉ እንጂ «አልችልም ነበር» አትበሉ።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ። ሜዲስን ያልደረሰው ልጅ ከዘመድም ከጓደኛም የሚሰማው ምክር አንድ ነው። «አይዞህ፣ ለጊዜው ነርሲንግ ግባ፣ በኋላ ትቀይራለህ።» «ግዴለሽም፣ ጤና መኮንን ያዢ፣ እሱ ወደ ሜዲስን ያስገባሻል።» በደግ ልብ ነው የሚሉት፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ይህን ምክር አልወደውም። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ የሚማረውን ትምህርት መጠበቂያ ክፍል ያደርገዋል። መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ በሩ ላይ ነው። አጠገቡ ያለውን አያይም። ተማሪው መርፌ መውጋት ሲማር ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ልቡ እዚያው ነው። የሚጎዳው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፤ አልጋው ላይ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ የምላችሁ ይህ ነው። ሁለተኛ ምርጫችሁን ስትይዙ የሜዲስን በር ዳግመኛ አይከፈትም ብላችሁ ያዙት። ከተከፈተ እሰየው! ባይከፈትም ግን ዕድሜ ልክ ልትሠሩት የምትችሉትን ምረጡ።

«እኔ ግን ሜዲስንን አልተውም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መንገድ አለ። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያስገባ አዲስ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ጀምሮ ነበር። በዚያ በኩል አልፈው ዛሬ ሐኪም የሆኑ የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቃን አሉ። በዲግሪ የሚቀበል ትምህርት ቤት መኖሩን በየዓመቱ ማስታወቂያ እየተከታተላችሁ ጠይቁ። የግል የሕክምና ኮሌጆችም አሉ። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ክፍያው ከባድ ነው፤ ትምህርቱ ከኢንተርንሺፑ ጋር ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ አስባችሁ አትግቡ። ቤተሰብ ቤት ሸጦ፣ ወንድም ከዓረብ አገር እየላከ ሦስተኛ ዓመት ላይ ገንዘቡ ሲያልቅ ያለው ሐዘን ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋር አጣሩ። «ኮሌጁ ፈቃድ አለው» መባሉ አይበቃም። ፈቃዱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አንድ ኮሌጅ ለነርሲንግ ፈቃድ ኖሮት ለሜዲስን ላይኖረው ይችላል።

ውጭ አገር ሄዶ መማርም አለ። በኤጀንት በኩል ከሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የምትማሩበት ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ እዚህ አቻ ግምት ማግኘቱን ራሳችሁ ጠይቁ። ኤጀንቱን አትጠይቁት፤ ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ስትመለሱም የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና ይጠብቃችኋል። ስለ ሜዲስን መንገዶች ይህን ያህል ይበቃል፤ ወደ ሌላው ልሂድ።

ሥራዬን ላሳያችሁ። አንድ ሌሊት ዲዩቲ ላይ ነበርኩ። ከሕፃናት ክፍል አንዲት ትንሽ ቲዩብ መጣች። ከጀርባ የተቀዳ ፈሳሽ ነው። ጤነኛ ከሆነ ጥርት ያለ ነው የሚሆነው። ይቺ ግን ደፍርሳለች። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ ሳያት ማጅራት ገትር ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ነገር ግን «መሰለኝ» ተብሎ ውጤት አይጻፍም። ሴሉን ቆጠርኩ፤ በጣም ብዙ ነው። ስላይድ ላይ ጠብታ አድርጌ አደረቅሁና ባክቴሪያን በቀለም የሚለየውን ግራም ስቴይን ሠራሁ። መጀመሪያ ወይን ጠጁ ቀለም፣ ከዚያ አዮዲን፣ ከዚያ አልኮል፣ በመጨረሻ ቀዩ። በየመሀሉ በውኃ ማጠብ። አልኮሉን ትንሽ ካቆያችሁት ቀለሙ ሁሉ ተጠርጎ ይወጣና የሌለ ነገር ታያላችሁ። ስለዚህ እጅ እየፈጠነ ዓይን መረጋጋት አለበት። ዘይት ጠብ አድርጌ በመቶው ሌንስ አየሁት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች፣ ባክቴሪያዎቹ፣ ታዩኝ። ስልክ አንስቼ ለተረኛው ሐኪም ነገርኩት። መድኃኒቱን ቀድሞ ጀምሮት ነበር፤ በትክክለኛው መንገድ ላይ መሆኑን ያወቀው ግን ያኔ ነው።

ልጁን አላየሁትም። እናቱም አታውቀኝም። ያን ሌሊት ግን የሕክምናው ውስጥ ነበርኩ፤ ከዳር አልነበርኩም። በሽታን ሳይታክቱ መፈለግ የምትወዱ ከሆናችሁ ይህ ሥራ ይሆናችኋል። የበሽተኛን እጅ ይዤ ካላጽናናሁ ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም የምትሉ ከሆነ ግን ላብራቶሪ አትምጡ። ነርሲንግ ወይም ሚድዋይፍሪ፣ ማለትም አዋላጅነት፣ ነው የእናንተ ቦታ። ሚድዋይፍሪን «ትንሽ» አድርጋችሁ የምታዩ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል መሥራቾች አንዷ ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ2007 የሚድዋይፍ ኮሌጅ ማስከፈታቸውን አስቡ። በተራዘመ ምጥ የሚመጣውን ፊስቱላ በቀዶ ሕክምና ከመጠገን፣ ምጡ ላይ ቀድሞ የሚደርስ ባለሙያ ማፍራት ይሻላል ብለው ነው።

ጤና መኮንንነትም የትናንት ሐሳብ አይደለም። ጎንደር ላይ ሥልጠናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው። ሐኪም ባልነበረበት ገጠር ጤና ጣቢያውን ይዘው የቆዩት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የማስተርስ ሥልጠና ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ቄሳሪያን የሚሠሩ ጤና መኮንኖች ወጥተዋል። እናትና ልጅ ሪፈር ተብለው መንገድ ላይ እንዳይቀሩ ያደረጉ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አንስቴዥያም አለ። ቀዶ ሐኪሙ ምላጭ ከማንሳቱ በፊት በሽተኛውን የሚያስተኛው፣ እስኪነቃም ትንፋሹን የሚጠብቀው ሰው ማለት ነው። ባዮሜዲካል ምሕንድስናም አለ፤ እዚሁ አምስት ኪሎ ይሰጣል። «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ቦታ ሂዱ» ተብሎ ሲቲ ስካን ፍለጋ ከተማውን የዞረ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ማሽን የሚጠግን ሰው ስንት ሕይወት እንደሚያድን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ፋርማሲ፣ ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ኦፕቶሜትሪ፣ የአእምሮ ጤና። ሁሉንም ዛሬ አልጨርሰውም።

ሁለት ሰዎችን ግን ሳላነሣ አላልፍም።

አንደኛው አክሊሉ ለማ ናቸው። የሕክምና ዶክተር አልነበሩም፤ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ነው። ዘመናት ሙሉ ልብስ ያጠብንበት እንዶድ በሽታ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል ያወቁት እንዲህ ነው። ዛሬ ከጥቁር አንበሳ ብዙም ሳይርቅ ሰፈረ ሰላም የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ይጠራል።

ሁለተኛዋ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ወደ ሕክምና የመጡት እንደ በሽተኛ ነው፤ ፊስቱላ ደርሶባቸው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ቆይተው ሐኪሞቹን ማገዝ ጀመሩ፤ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያ መስፋት፣ ከዚያ ራሳቸው ኦፕሬሽን መሥራት። ከውጭ የመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር አሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለፊስቱላ ሆስፒታሉ መሥራቾች የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ማሚቱም አብረው ተሸለሙ። አክሊሉ ለማም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በዚያው ዓመት ነው።

ይህን የምነግራችሁ «እናንተም እንደ ማሚቱ ሁኑ» ለማለት አይደለም። ዛሬ ያለ ፈቃድ ቢላ የሚይዝ የለም፤ መኖርም የለበትም። እነዚህን ሰዎች ያነሣሁት የሕክምናን ታሪክ «ዶክተር» የሚል ማዕረግ የያዘ ብቻ እንዳልሠራው ስለማምን ነው።

ስለ ገንዘብም እውነቱን እንነጋገር። «ዶክተር ብሆን ቤተሰቤን አኖራለሁ» የሚል ስሌት ብዙ ቤት አለ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች፣ ሐኪሞችም ጭምር፣ ደመወዛችን ኑሮ አልቻለልንም ብለው ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ስለዚህ ሜዲስን የደረሰውም ልጅ ኑሮው ተቃንቶለታል ማለት አይደለም። በየትኛውም ሙያ ከመግባታችሁ በፊት ተመራቂው ሥራ እያገኘ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አምና የተመረቀውን ጠይቁ እንጂ የዛሬ ሃያ ዓመት የተመረቀውን አይደለም።

ወላጆች ደግሞ፣ ይህን ክፍል ከልጆቻችሁ ጋር የምትሰሙ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ዶክተሬ» ስትሉት ኖራችኋል። በፍቅር ነው። ምደባው ሲወጣ ግን ያ ስም ልጁ ላይ ይከብዳል። ዝም ብላችሁ አትተዉት። «እኔ የምፈልገው አንተን ነው» በሉት፤ በግልጽ፣ በቃል፣ ጎረቤት ባለበት። ልጁ ቤት ውስጥ የሚፈራው ውጤቱን አይደለም፤ የእናንተን ፊት ነው። የጎረቤቱ ልጅ ምን እንደደረሰው በዚያ ሳምንት ባታነሡት ደግሞ ምን ነበረበት?

እናንተ ልጆች ደግሞ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ልትሞሉት ያሰባችሁትን ሙያ የሚሠራ ሰው ፈልጉ። በዘመድም በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም አይጠፋም። ሻይ ጋብዙትና ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሠራ ብቻ ጠይቁት። «ሙያው ጥሩ ነው ወይ?» አትበሉት፤ መልሱ አይጠቅማችሁም። ምኑ እንደሚያሰለቸው፣ ምኑ እንደሚያስፈራው፣ ሌሊት ላይ ማን ጋ እንደሚደውል ጠይቁት። ሲያወራ የእናንተ ዓይን የት ላይ እንደሚበራ አስተውሉ። እኔ ስለ ማይክሮስኮፕ ሳወራ የሚያዛጋ ልጅ አለ፤ ስለ ወላድ ክፍል ስትሰማ ደግሞ ቀና የምትል አለች።

በሚቀጥለው ክፍል አንዲት አንስቴቲስት ትመጣለች፤ ከእኔ ጋር ለዓመታት አብራ የሠራች ናት። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሌሊት ተራው፣ ስለ ደመወዙም ሳትደብቅ ትነግረናለች። ጥያቄያችሁን እስከ ሐሙስ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ በድምፅ ብትልኩት ደስ ይለኛል።