ሮክ ጩኸት ነው ለምትሉ

[ጥቁር ስክሪን። ፒያኖ ብቻ ይሰማል።]

«ሮክ? ኧረ በናትህ፣ ራሴን ያመኛል!» የምትሉ ሁሉ፣ ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ለእናንተ ነው። ጊታር የሚሰባብር ሰው አላሳያችሁም። ይዤ የመጣሁት 48 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ አብዛኛው ዝግ ያለ፣ እ.ኤ.አ በ1992 የወጣ አልበም ነው፤ የአር ኢ ኤም «አውቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል»።

[የአተንስ ከተማ ጎዳና።]

አር ኢ ኤም በ2011 የተበተነ ባንድ ነው፤ ይህን አልበም ሲሠሩ አራት ሰዎች ነበሩ፦ ድምፃዊው ማይክል ስታይፕ፣ ጊታሪስቱ ፒተር በክ፣ ቤዚስቱ ማይክ ሚልስ፣ ድራመሩ ቢል ቤሪ። ባንዱን የመሠረቱት በ1980 ነው፤ በአሜሪካ ጆርጂያ፣ አተንስ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ። ሙዚቃቸው «አልተርኔቲቭ» ይባላል፤ ቃሉ አያስፈራችሁ። እንዲህ የተባሉት ያኔ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ፊት የነሷቸው፣ ተማሪዎች የሚመሯቸው የኮሌጅ ሬዲዮዎች ግን የሚያጫውቷቸው ባንዶች ነበሩ፤ እነሱም ከዚያ ወገን ነበሩ።

የአልበሙ ስም የፓርቲ መፈክር ይመስላል አይደል? የምግብ ቤት መፈክር ነው! እዚያው አተንስ ካለው ዊቨር ዲስ ከሚባል ቤት የተወሰደ።

መጀመሪያ ያሰቡት ጠንከር ያለ ሮክ ለመሥራት ነበር። ጊዜውም ለዚያ የተመቸ ነው፤ ኒርቫና የሚባለው ሮክ ባንድ «ኔቨርማይንድ» የተባለውን ጠንካራ የሮክ አልበሙን ካወጣ ገና አንድ ዓመቱ። ሥራው ሲያልቅ ግን በእጃቸው የቀረው ስለ እርጅና፣ ስለ ሞት፣ ስላለፈ ጊዜ የሚያወራ አልበም ሆነ።

[ጊታር፣ በቀስታ።]

ከመጀመሪያው ዘፈን አትጀምሩ። የሙዚቃ ሰዎች ይቆጡኛል፤ ይቆጡ። ቀጥታ ወደ አራተኛው ሂዱ፣ «ኤቭሪባዲ ኸርትስ»። ጊታሩን እየተከተላችሁ ቁጠሩ፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት። በሦስት በሦስት የሚሄድ ምት ነው። ችክችካ ሲሰማ ላደገ ጆሮ ባዳ አይደለም፤ ፍጥነቱና ስሜቱ ነው የሚለየው። የዘፈኑን ዋና ሐሳብ ያመጣው ድራመሩ ቤሪ ሆኖ ሳለ፣ ሲጀምር የምትሰሙት ምት የእሱ እጅ ሳይሆን የድራም ማሽን ነው።

ስታይፕ በቀደሙት አልበሞች ቃላቱን እያጉተመተመ፣ ምን እንዳለ ሰው ሲከራከርበት የኖረ ድምፃዊ ነው። እዚህ ግን ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ ተስፋ ለቆረጠ ሰው፣ እንግሊዝኛው ብዙ ባይሆንም እንዲገባው አድርጎ፣ «ጽና» ይለዋል። ከኋላው የሚነሱትን ቫዮሊኖች ያቀናበረው ደግሞ ጆን ፖል ጆንስ ነው። አዎ፣ የጯሂው ሮክ ባንድ የሌድ ዘፕሊን ቤዚስት! ያን ሁሉ ጩኸት ያየ ሰው እንዲህ ለስላሳ ቅንብር ሲሠራ ደስ ይላል።

[ፒያኖው ይመለሳል።]

ከዚያ ወደ አስራ አንደኛው፣ «ናይትስዊሚንግ»። ድራም የለም፣ ጊታርም የለም። የማይክ ሚልስ ፒያኖ በአንድ ዜማ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ገመድ መሣሪያዎች ይከተሉታል፣ ወደ መጨረሻው አንድ ኦቦ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ብቅ ይላል። በዘፈኑ ውስጥ የሚተርከው ሰው በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት የዋኘበትን ጊዜ ያስታውሳል፤ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ያለው አሮጌ ፎቶ ነው የቀሰቀሰበት። በቅኝቱ ባይሆንም በስሜቱ፣ ይሄ ትዝታ ካልሆነ ምን ይባላል?

«ማን ኦን ዘ ሙን» በመኪና ውስጥ አብራችሁ የምትዘፍኑት ነው። ስለ ኮሜዲያኑ አንዲ ካውፍማን ነው፤ በ1984 ቢሞትም «ይሄም ቀልዱ ነው» ብለው ሞቱን ያላመኑ አድናቂዎች ነበሩት። «ኢግኖርላንድ»ን ግን ለመጀመሪያ ቀን እለፉት፤ የተቆጣ የፖለቲካ ዘፈን ነው፣ ከጎረቤቶቹም ጋር አይስማማም።

[ድምፁ ይቀንሳል።]

የመጨረሻውን፣ «ፋይንድ ዘ ሪቨር»ን፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከስታይፕ ጀርባ ሚልስና ቤሪ ይቀበላሉ፤ ሲቀዱ አንዱ የሌላውን ድምፅ አልሰማም ነበር። አንዱን ብቻ ተከተሉ፤ ከዚያ ዘፈኑን መልሱና ሌላውን።