ከብርሃን ሕክምናው በኋላ ያሉት ቀናት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የጅማ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምናገረው በዓይን ውስጥ ያለቦታቸው ለሚበቅሉ ደም ሥሮች ስለሚሰጥ የብርሃን ሕክምና ነው። በተለይ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ።

እነዚህ ደም ሥሮች ሬቲና፣ ማለትም በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሥር ይበቅላሉ። ስስ ስለሆኑ ደምና ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። ያኔ ቀጥ ያለው መስመር ይጣመማል፣ የሰው ፊት መለየት ይቸግራል። ዛሬ ለብዙዎቹ ሕሙማን ቀድሞ የሚታዘዘው ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው። የብርሃኑ ሕክምና ግን ለአንዳንዶች አሁንም ያስፈልጋል።

ቬርቴፖርፊን የተባለው መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ለ10 ደቂቃ ይሰጣል። መሰጠት ከጀመረ በ15ኛው ደቂቃ ቀይ ሌዘር ለ83 ሰከንድ ዓይን ላይ ይበራል። ሌዘሩ ራሱ አያቃጥልም። መድኃኒቱን ይቀሰቅሰዋል፣ መድኃኒቱም ደም ሥሩን ይደፍነዋል።

ችግሩ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ብቻ አይቀርም። በደም መላ ሰውነትን ይዞራል፣ ቆዳም ይደርሳል። ቆዳው ፀሐይ ካገኘው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል። የአሜሪካ መመሪያ 5 ቀን፣ የአውሮፓው 48 ሰዓት ከፀሐይ ራቁ ይላል። ሐኪማችሁ ያዘዛችሁን ያዙ። ምርጫው የእኔ ቢሆን አምስቱን እል ነበር፤ የእኛ አገር ሰው ውሎው ደጅ ነው።

ስለዚህ ከቤት ስትወጡ አስቡበት። ጋቢ ውሰዱ፤ ነጠላ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ሰፊ ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽር፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ጓንትም ያዙ። የፀሐይ ክሬም እዚህ ላይ አያድንም፤ መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው የሚታየው ብርሃን ነውና። አውቶቡስ ላይ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት በኩል አትቀመጡ። በእነዚያ ቀናት የተሰጣ ቡና የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይፈለግ። ለቡናው ብላችሁ ግን ሕክምናውን አታዘግዩ።

ጨለማ ክፍል ውስጥ መዘጋትም ልክ አይደለም። መጠነኛ የቤት ውስጥ ብርሃን ቆዳ ውስጥ የቀረውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ያከስመዋል። የሚፈራው የመስኮት ፀሐይና ኃይለኛ መብራት ነው። በዚያው ሳምንት ጥርስ ልትታከሙ ከሄዳችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ መብራቱ ኃይለኛ ነው።

አሁን ልጆች ስሙኝ። ሽማግሌዎቻችን ሕመም ችሎ ማለፍ ይወዳሉ። መድኃኒቱ ሲሰጥ ግን ዝም ማለት ጉዳት አለው። ክንዳቸውን ካቃጠላቸው ወይም ካበጠ፣ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መቆም አለበት። ያ ቦታ በኋላም ከብርሃን ይሸፈናል። ወገባቸውን ካመማቸውም ይናገሩ። የታወቀ ነገር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይተዋቸዋል። ደረት ሲጨንቅ ወይም ትንፋሽ ሲያጥር ግን አትጠብቁ፣ ባለሙያውን ጥሩ። ፖርፊሪያ የሚባል በሽታ ያለበት ሰው ይህን መድኃኒት ከነጭራሹ መውሰድ የለበትም።

እይታቸውስ? ለጥቂት ቀን ብዥ ማለት ያጋጥማል። ከ100 ታካሚ ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ እይታ በጣም ይቀንሳል። ከእነሱም በከፊል የሚመለስላቸው አሉ። ስለዚህ ያቺን ሳምንት በየጠዋቱ አንዱን ዓይን ሸፍነው የእናንተን ፊት እንዲያዩ አድርጉ። ካለፈው ቀን የባሰ ከሆነ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪሙ ውሰዷቸው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።