ለመምህርነትና ለምርምር ሥራ የሚቀርብ ሲቪ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በስልክ መስመራችን ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ለማስተማርና ለመመራመር በሚቀርብ ሲቪ ላይ ያተኮሩትን መርጠን፣ በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የብዙ አመልካቾችን ማስረጃ ያነበቡት እንግዳችን የሰጡትን መልስ እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

አድማጭ ከኮምቦልቻ፦ በሜካኒካል ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ፤ የምሠራው በፋብሪካ የጥገና ክፍል ነው። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት ላመለክት ስል ጓደኞቼ ሲቪ ከሁለት ገጽ መብለጥ የለበትም አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ለፋብሪካ ወይም ለባንክ ሥራ ሲያመለክቱ የጓደኞችዎ ምክር ትክክል ነው። ለአካዳሚክ ሥራ የሚቀርብ ሲቪ ግን ያስተማሩትን፣ የመረመሩትን፣ ያሳተሙትንና ያማከሩትን ሁሉ የሚይዝ ስለሆነ፣ ማስታወቂያው ራሱ ገደብ ካላስቀመጠ በቀር የገጽ ጣሪያ የለውም። እንደ እርስዎ ገና ለሚጀምር ሰው ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃል፤ ባዶውን ለመሙላት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀቶችን መደርደር አያስፈልግም። ይልቁንም የመመረቂያ ጽሑፍዎን ርዕስ፣ የተጠቀሙበትን ዘዴና ያገኙትን ውጤት በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። የፋብሪካ ልምድዎንም «የጥገና ባለሙያ» ብለው ብቻ አይለፉት። በየትኞቹ ማሽኖች ላይ እንደሠሩ፣ ለተግባር ልምምድ የመጡ ተማሪዎችን ተቆጣጥረው ከሆነም ስንት እንደነበሩና ምን እንዳሠለጠኗቸው ይጻፉ። የትምህርት ክፍሉ የወርክሾፕ ኮርስ የሚያስተምር ሰው በሚፈልግበት ጊዜ ከሌሎች አመልካቾች የሚለይዎት ይኸው ነው።

አድማጭ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፦ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር መምህር ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። የታተመልኝ ጽሑፍ ግን ሁለት ብቻ ስለሆነ ሲቪዬ ባዶ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በአካባቢያችን ያሉ መምህራን የሠሩትን ያህል በሲቪያቸው ላይ ስለማይታይ፣ ይህ ጥያቄ በመነሣቱ ደስ ብሎኛል። ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ሰው የማስተማር ልምዱን «ሌክቸረር» በሚል ማዕረግና በሁለት ቀኖች መካከል ዘግቶት አገኛለሁ፤ የተማሪዎቹ ብዛት፣ ያዘጋጃቸው ሞጁሎች፣ ያማከራቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ግን አይታዩም። ኮሚቴው እርስዎን አያውቅዎትም፤ ያልጻፉትን ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ኮርስ በስሙ ይጥቀሱ፤ ለየትኛው ዓመት ተማሪዎች፣ ለስንት ሴሚስተር፣ ለብቻዎ ወይስ ከሌላ መምህር ጋር እንዳስተማሩት ያክሉበት። ለምሳሌ «የአፈርና ውሃ ጥበቃ፣ ለሦስተኛ ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፣ ለአራት ሴሚስተር፣ በእያንዳንዱ ሴሚስተር 45 ያህል ተማሪዎች፤ የመስክ ልምምዱን መመሪያ አዘጋጅቻለሁ» የሚል መስመር፣ «ሰፊ የማስተማር ልምድ አለኝ» ከሚል አንቀጽ ይልቅ ብዙ ይናገራል። የተማሪዎች ምዘና ውጤትዎ ጥሩ ከሆነ ከስንት እንደተሰጠ ገልጸው ይጻፉት። ለመምህራን የሚሰጠውን የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ሥልጠና ወስደው ከሆነም ይኑርበት፤ ለውጭ አገር አንባቢ ግን የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና መሆኑን በአጭር ሐረግ ያስረዱ፤ ስሙን ብቻ የሚያይ ሰው ከዲግሪ በታች የሆነ ዲፕሎማ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላልና።

የማኅበረሰብ አገልግሎትንም ማስቀረት ስሕተት ነው። የደሴ ከተማ በተዳፋት ላይ የተቀመጠችና የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት እንደመሆኗ፣ ከቀበሌ ነዋሪዎች ጋር በእርከን ሥራ ወይም በችግኝ ተከላ የተሳተፈ መምህር፣ በእርስዎ የትምህርት መስክ ቁም ነገር ሠርቷል። ቦታውን፣ ዓመቱንና የእርስዎን ድርሻ ለይተው ያስፍሩት።

ወደ ሁለቱ ጽሑፎችዎ ስመለስ፣ ቁጥራቸው አያሳፍርም፤ ጥንቃቄ የሚሻው አቀራረባቸው ነው። የሁሉንም ደራሲዎች ስም በታተመበት ቅደም ተከተል ይጻፉ፤ የእርስዎን ስም ያድምቁ፤ የጆርናሉን ስም፣ ዓመቱን፣ ቅጹን፣ ገጹንና ዲ.ኦ.አይ. (DOI) የሚባለውን የጽሑፉን ቋሚ የኢንተርኔት መለያ ቁጥር ያሟሉ። የታተመውን፣ ለኅትመት ተቀባይነት ያገኘውንና በግምገማ ላይ ያለውን በየራሱ ንዑስ ርዕስ ይለዩ። በግምገማ ላይ ያለን ጽሑፍ ከታተሙት መካከል መቀላቀል፣ አንድ አንባቢ ፈልጎ ባጣው ጊዜ የቀሩትንም ሁሉ ያስጠረጥራል። ደግሞም ክፍያ ተቀብለው ያለ እውነተኛ የአቻ ግምገማ፣ ማለትም የመስኩ ባለሙያዎች ሳይመረምሩት፣ በጥቂት ቀናት የሚያትሙ ጆርናሎች ስላሉ፣ ዝርዝርዎን ለማርዘም ብለው ወደ እነርሱ እንዳይሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለት የተመሰከረላቸው ጽሑፎች ከስምንት አጠራጣሪዎች ይበልጣሉ።

አድማጭ ከደሴ፣ የጤና ሳይንስ መምህርት፦ በውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ ላመለክት ነው። ዓመተ ምሕረቱንና ስሜን እንዴት ልጻፍ? ፎቶግራፍና የጋብቻ ሁኔታስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ዓመታቱን በሙሉ ወደ ጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ይለውጡ፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ ወሩን ሳያዩ አይቀንሱ፣ አይደምሩ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በጎርጎርዮሳዊው የተመረቀው በ2018 ነው፤ 2010 ብሎ ቢተወው ከእውነተኛው ጊዜ 8 ዓመት ቀድሞ የተመረቀና ያን ያህል ጊዜ ምን ሲሠራ እንደቆየ የማይታወቅ ሰው ይመስላል። ስምዎን በተመለከተ፣ በፓስፖርትዎ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በሁሉም ቦታ ያለ ለውጥ ይጠቀሙ። የእኛ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየተወሰደ፣ ፊደሉም በየጽሑፉ እየተለያየ፣ የአንድ ሰው ሥራዎች ለሁለት ሰው ሲበታተኑ ይታያል። ለዚህም በነጻ የሚገኘውንና 16 አኃዝ ያለውን ኦርኪድ (ORCID) የሚባል የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር አውጥተው በስምዎ ሥር ያስፍሩት።

ማዕረግዎንም ያስረዱ። በእኛ አገር ሌክቸረር በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪ ያለው መምህር ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ይኸው ስም አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ዲግሪ ላለው ቋሚ መምህር ይሰጣል። ፎቶግራፍ፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ፣ ማስታወቂያው ካልጠየቀ፣ አያስፈልጉም።

አድማጭ ከኮምቦልቻ፦ ሪፈረንስ፣ ማለትም ስለ እኔ ሥራ የሚመሰክር ሰው፣ ማንን ልጥቀስ?

መልስ፦ ሥራዎን በቅርብ የሚያውቁ ሦስት ሰዎችን፣ አስቀድመው ፈቃዳቸውን ጠይቀው። ማስታወቂያውንና ሲቪዎን ይላኩላቸው፤ የሚሠሩበት ተቋም የሰጣቸው ኢሜይል ካለም እርሱን ይጻፉ። በሥልጣኑ ትልቅ ሆኖ እርስዎን የማያውቅ ሰው አይጠቅምዎትም።

አድማጭ ከደሴ፦ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የቢሮ ኮምፒውተሬና የምርምር መረጃዬ ጠፋ፤ ሥራም ተቋርጦ ነበር። ክፍተቱን እንዴት ልግለጸው?

መልስ፦ በዚያ ጊዜ የደረሰብዎት የእርስዎ ጉድለት አይደለምና ሊደብቁት አይገባም። «በአካባቢው በነበረው ጦርነት ምክንያት ማስተማርና ምርምር ተቋርጦ ነበር» ብለው ከወሩ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ የጠፋውን መረጃ ዝርዝር ለማመልከቻ ደብዳቤው ያቆዩት። የሚተካውን ደግሞ አሁኑኑ ይሰብስቡ፦ ያስተማሯቸውን ኮርሶች ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በደብዳቤ፣ የትምህርት ውጤትዎን ከተማሩበት ተቋም ሬጅስትራር፣ የታተሙ ጽሑፎችን ከጆርናሉ ድረ ገጽ። ማስረጃ ሊያገኙለት ያልቻሉትን ሥልጠና፣ አብሮዎት የሠለጠነ ወይም ያሠለጠነ ሰው ቢጠየቅ የሚመሰክርልዎት ከሆነ ብቻ ያስገቡት። ደብዳቤዎቹ ፊርማና ማኅተም እስኪያገኙ ሳምንታት ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ ማስታወቂያ እስኪወጣ አይጠብቁ።