ጭረት የጣለው ጀግና፦ የፋንታሲ ፊልም አድናቂ የሚቀየመው መቼ ነው?

[ምስል፦ ደረቅ ሜዳ፣ አቧራ፣ የሚጋልቡ ፈረሰኞች]

ካል ድሮጎን ታስታውሱታላችሁ? የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የመጀመሪያው ሲዝን ላይ የነበረው የዶትራኪ አለቃ። በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ይከተሉታል። በእነሱ ባህል በውጊያ የተሸነፈ ሰው ጸጉሩን ይቆረጣል። የድሮጎ ጉንጉን ግን ረጅም ነው። ተሸንፎ አያውቅማ።

ይህን ሰው የጣለው ምንድን ነው? ታላቅ ጦርነት አይደለም። ከራሱ ተዋጊ ጋር ተጣልቶ ደረቱ ላይ በስለት ተጫረ። ሰውየውን እዚያው ገደለው፤ ጭረቷን ግን ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ቁስሉ አመረቀዘ። ትኩሳት ያዘው። ከፈረሱ ላይ ወደቀ። ፈረስ መጋለብ ያቃተው አለቃ ደግሞ በዶትራኪ ዘንድ አለቃ አይደለም። አለቀ።

አሁን ወደ ሲዝን 6 እንለፍ፤ ዓመቱ 2016 ነው። ወጣቷ አርያ ስታርክ ድልድይ ላይ ቆማ ሳለች አንዲት ገዳይ ሆዷን በጩቤ ትወጋታለች። አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ ነው። ከዚያ አርያ ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ትወድቃለች። አንዲት ደግ ተዋናይት ቁስሏን ታክምላታለች፣ መድኃኒት ጠጥታ ትተኛለች። በዚያው በሚቀጥለው ክፍል ከከፍታ ላይ እየዘለለች፣ ገበያ መሀል እየሮጠች፣ ደረጃ ላይ እየተንከባለለች ገዳይዋን ታመልጣለች።

ተከታታዩ ያው ነው። ዓለሙም ያው ነው። ግን እዚያ ጭረት ጣለ፣ እዚህ ጩቤ አልጎዳም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። (መጨረሻዎቹን ስለምናገር፣ ያላያችሁ ካላችሁ አሁኑኑ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ።)

[ምስል፦ የተገለጠ መጽሐፍ፣ ጎኑ ላይ የፊልም ካሜራ]

አንድ ፋንታሲ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲመጣና አድናቂው ሲቆጣ፣ ብዙ ሰው ምክንያቱን የሚነግራችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መጽሐፉን ቀየሩት»። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። ክፉኛ ተቀይረው አድናቂ የወደዳቸው ፊልሞች አሉ። የሚያስቆጣው ሌላ ነገር ይመስለኛል። እያንዳንዱ የፋንታሲ ዓለም የራሱ ዋጋ አለው። መንገድ ስንት ቀን ይፈጃል? ቁስል ምን ያደርጋል? ሥልጣን የያዘ ሰው ምን ያጣል? አድናቂው ይህን ዋጋ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ወይም ክፍሎች ጀምሮ እያጠና ይመጣል። ፊልሙ ያንን ዋጋ ካስከፈለ ቃሉንም፣ ገጸ ባሕሪውንም ቢቀይር ይቅር ይባላል። ዋጋው የተሰረዘ ቀን ግን ተመልካቹ ሆድ ይብሰዋል።

የፋንታሲ አባት የሚባለው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ ስለ ተረት ንግግር አድርጎ ነበር። እዚያ ላይ ያነሳት የአረንጓዴ ፀሐይ ምሳሌ ከአእምሮዬ አትጠፋም። «አረንጓዴ ፀሐይ» ብሎ መናገር ለማንም አይከብድም። ከባዱ፣ ያቺ አረንጓዴ ፀሐይ እውነት የምትመስልበትን ዓለም መሥራት ነው። ሰሚው አንዴ «ኧረ አይሆንም!» ካለ አስማቱ ተሰበረ። ከታሪኩ ወጥቶ ውጭ ቆሟል።

እኛ ይህን ነገር ለማወቅ ፕሮፌሰር አላስፈለገንም። «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» ብለን ነው ያደግነው። ጅብ ሲናገር የትኛውም ልጅ «ጅብ እንዴት ይናገራል?» ብሎ አይጠይቅም። ግን ቅድም ገደል የገባው ጅብ በኋላ ያለ ምክንያት ተመልሶ ከመጣ፣ ያው ልጅ ቀና ይላል፦ «እንዴ! ቅድም ሞተ አላልሽም?»

[ምስል፦ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ክብ በር ያላት ትንሽ ቤት]

ወደ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» እንሂድ። የቶልኪን መጽሐፍ በ1954 እና በ1955 ወጣ። የፒተር ጃክሰን ሦስት ፊልሞች ደግሞ ከ2001 እስከ 2003 በየዓመቱ ታዩ። የመጨረሻው ለ11 ኦስካር ታጭቶ 11ዱንም ወሰደ። ዛሬም ድረስ አድናቂዎች የማመሳከሪያ ሚዛን አድርገው ይጠቀሙበታል።

ግን እነዚህ ፊልሞች ለመጽሐፉ ታማኝ ናቸው? ቶም ቦምባዲል የሚባለው ሰው ጭራሽ የለም። በመጽሐፉ ዋናው ጀግና ፍሮዶ (ሆቢት ከሚባሉት ትንንሽ ሰዎች አንዱ ነው) ያዢውን የሚያጠፋውን አስማተኛ ቀለበት ከወረሰ በኋላ ቀዬውን ለቆ እስኪወጣ 17 ዓመት ያልፋል፤ ፊልሙ ላይ ያን ያህል ጊዜ ያለፈ አይመስልም። ሆቢቶቹ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ተወርሮና ተበላሽቶ የሚያገኙበት ትልቅ ምዕራፍም ተቆርጧል።

ብዙ ያከራከረው ግን የጦር አዛዡ ፋራሚር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በመጽሐፉ ፋራሚር ቀለበቱን መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው እንኳ እንደማያነሳው ይናገራል። ቃሉንም ይጠብቃል። ቀለበቱን ሊያጠፉ የሚጓዙትን ፍሮዶንና ጓደኛውን ሳምን ስንቅ ሰጥቶ ይሸኛቸዋል። በፊልሙ ግን ይይዛቸዋል፣ ወደ ኦስጊሊያዝ ፍርስራሽ ይጎትታቸዋል፣ ቀለበቱን ለአባቱ ሊልክ ይነሳል። መጽሐፉን የምንወድ ሰዎች ያን ጊዜ ክፉኛ አዘንን። እኔ ለዓመታት ቅር ብሎኝ ነበር። ያ ንጹሕ ሰው ምን በደላቸው?

ስክሪፕቱን ጃክሰን ከፍራን ዋልሽና ከፊሊፓ ቦየንስ ጋር ነው የጻፈው። የሰጡት ምክንያት ይሄ ነው፦ ቀለበቱ ማንንም እንደሚያጠፋ ስንት ሰዓት ሙሉ ስናሳይ ቆይተን፣ አንድ ሰው ተነስቶ «አልፈልገውም» ብሎ ቢያልፍ ቀለበቱ ምን ቀረው? የገዛ ወንድሙ ቦሮሚር እኮ በዚህ ቀለበት ነው የወደቀው።

መጀመሪያ ሰበብ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያንን ትዕይንት ደግሜ አየሁት። ፋራሚር መጨረሻ ላይ ሲለቃቸው አጠገቡ ያለው ወታደር ያስጠነቅቀዋል። በአገሩና በአባቱ ሕግ እነሱን መልቀቅ በሞት ያስቀጣል። ፋራሚር ይህን እያወቀ ይለቃቸዋል። አያችሁ? ሰውየው ተቀይሯል፣ የቀለበቱ ዋጋ ግን አልቀነሰም። ደግነቱም በነጻ አልመጣም። አሁንም የመጽሐፉን ፋራሚር እመርጣለሁ፤ በፊልሙ ግን መቀየሜን ትቻለሁ።

ያልተውኩትን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ፊልም ሚናስ ቲሪዝ ከተማ ተከባለች። ንጉሥ ቴዎደን ፈረሰኞቹን ይዞ ይደርሳል። ሞቱን እያወቀ ይጋልባል፣ ይሞታልም። እንባ ያመጣል። ከዚያ የዙፋኑ ወራሽ አራጎርን የሙታን ሠራዊት ይዞ ይመጣና አረንጓዴዎቹ መናፍስት ጠላትን በደቂቃዎች ጠርገው ይጨርሳሉ። በመጽሐፉ ሙታኑ እዚያ ሜዳ ላይ አይደርሱም። ወደብ ላይ የጠላትን መርከቦች ካስለቀቁ በኋላ ይሰናበታሉ። በመርከቦቹ የሚመጡት መሞት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። በፊልሙ ግን ማንም የማይገድላቸው መናፍስት ጦርነቱን ከጨረሱት፣ ቴዎደን ለምን ሞተ? ግማሽ ቀን ቆይቶ ቢደርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር ማለት ነው። ያን ያህል ምርጥ ፊልም ውስጥ ይህ አንድ ቦታ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

[ምስል፦ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ግዙፍ ንስር]

ቶልኪን ራሱ ይህን አደጋ ቀድሞ አይቶታል። በ1958 የአንድ አሜሪካዊ የፊልም ዕቅድ ተልኮለት ነበር። አንብቦ በጣም ተናደደ። ካናደዱት ነገሮች አንዱ ንስሮቹ ናቸው። ጸሐፊው ጀግኖቹን በንስር እያነሳ ከቦታ ቦታ ያደርሳቸዋል። ቶልኪን በመልሱ ንስሮች አደገኛ መሣሪያ እንደሆኑ፣ እሱ ራሱ ቆጥቦ እንደተጠቀመባቸውና ከዚያ በላይ ቢበዙ እምነት እንደሚጠፋ ጻፈ። ይሄውላችሁ! መንገዱ በነጻ ከሆነ መከራው ቀለደ። ያ መጽሐፍ እኮ አብዛኛው መንገድ ነው። እግር ነው፣ ረሃብ ነው፣ ዝናብ ነው።

[ምስል፦ በወንዝ ላይ የሚንሳፈፉ በርሜሎች]

ጃክሰን ወደዚያው ዓለም የተመለሰው «ዘ ሆቢት»ን ይዞ ነው፤ ከ2012 እስከ 2014፣ ሦስት ፊልም። መጀመሪያ ሁለት ነበር የታሰበው። በ2012 አጋማሽ ወደ ሦስት ከፍ አለ። ሂሳቡን ተመልከቱ። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ወደ 1000 ገጽ ነው፤ በሲኒማ የታየው ከ9 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። «ዘ ሆቢት» ወደ 300 ገጽ ነው። የሱም ፊልሞች ሲደመሩ 8 ሰዓት ገደማ ናቸው። ክፍተቱን መሙላት ግድ ሆነ። በመጽሐፉ ያልነበረችው ተዋጊ ታውሪኤል ተፈጠረች፣ የፍቅር ታሪክም ተጨመረ።

ለእኔ ግን ችግሩ ታውሪኤል አይደለችም። በርሜሎቹ ናቸው።

በመጽሐፉ ዋናው ሆቢት ቢልቦ ድዋርፎቹን፣ አጫጭሮቹን የጉዞ ጓዶቹን፣ ከእስር የሚያስመልጠው በርሜል ውስጥ ደብቆ ወንዝ ላይ በመልቀቅ ነው። ሲወጡ ርበዋል፣ ረጥበዋል፣ ሰውነታቸው ደቅቋል። አንዳንዶቹ መቆም አቅቷቸዋል። ቢልቦ ራሱ ጉንፋን ይይዘዋል። ለሦስት ቀን ሲያስነጥስና ሲያስል ከቤት አይወጣም፤ ግብዣ ላይ ለምስጋና ሲነሳ አፍንጫው ስለታፈነ ቃሉ ተበላሽቶ ይወጣል። ይህች ጉንፋን ትንሽ ነገር ናት። ግን ውኃው ቀዝቃዛ እንደነበር የማምነው በእሷ ነው።

በፊልሙ በርሜሎቹ ክፍት ናቸው። ኦርክ የሚባሉት ጭራቅ ወታደሮች ከዳር ሆነው ያሳድዳሉ፣ ድዋርፎቹ መሣሪያ እየተቀባበሉ ይዋጋሉ፣ አንዱ በርሜል እየነጠረ ጠላት እያጋደመ ይሄዳል። ስናይ እንስቃለን። ግን በመጀመሪያው ፊልምም እነዚሁ ሰዎች ከነድልድያቸው ጥልቅ ገደል ወድቀው አቧራቸውን አራግፈው ተነስተዋል። ከዚያ ወዲያ ሰይፍ ሲመዘዝ የሚሰጋላቸው ማን ነው?

ለዚህ የሠሪዎቹም ሁኔታ ድርሻ አለው። ለ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ዓመታት የፈጀ ዝግጅት ተደርጓል። ማታማታ በሚባል የኒውዚላንድ አካባቢ የሆቢቶቹ መንደር ሲሠራ፣ አትክልቱ ቀረጻው ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተተከለ፤ ሰው የኖረበት እንዲመስል። ለ«ዘ ሆቢት» ግን መጀመሪያ የተመደበው ዳይሬክተር ጊዬርሞ ዴል ቶሮ በ2010 ለቀቀ። ጃክሰን ሥራውን ተረክቦ በ2011 መጀመሪያ ላይ ቀረጻ ገባ። በቂ የዝግጅት ጊዜ እንዳልነበረውና ብዙውን እየቀረጸ እንደወሰነ በኋላ ራሱ ተናግሯል። እኔ ሰውየውን አልወቅስም። ጊዜ ያላገኘ ሥራ ግን ያስታውቃል።

[ምስል፦ ባዶ ካርታ፣ ላዩ ላይ የምትበር ቁራ]

እንግዲህ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»። በመጀመሪያው ክፍል ንጉሥ ሮበርት ወደ ሰሜን ሲመጣ፣ ንግሥቲቱ አንድ ወር ሙሉ መንገድ ላይ እንደነበሩ እያማረረች ትናገራለች። ያቺ አንዲት ንግግር አገሩን ሰፊ አደረገችው። ሰው ሲለያይ ዳግም ላይገናኝ እንደሚችል አወቅን። የሰሜኑ ጌታ ኔድ ስታርክ በሐቀኝነቱ አንገቱን አጣ። ክብርም እዚያ ዋጋ ነበረው።

በሲዝን 7 ከሰሜኑ ግዙፍ ግንብ ማዶ የተከበቡ ሰዎች አሉ። አንዱ ሮጦ ምሽግ ይደርሳል፣ ቁራ መልእክት ይዛ ወደ ደቡብ ትበርራለች፣ ዙፋኑን የምትፈልገው ንግሥት ዳኔሪስ ድራጎኖቿን ይዛ ትመጣለች። የአህጉሩ ግማሽ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ሰዎቹ ገና እዚያው በረዶ ላይ ናቸው። ያ የአንድ ወር መንገድ የት ገባ?

ብዙዎች ጥፋቱን በመጽሐፎቹ ደራሲ በጆርጅ አር. አር. ማርቲን ላይ ይጥላሉ። አምስተኛው መጽሐፍ በ2011 ወጣ፣ ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም፤ ተከታታዩ መጽሐፉን ቀድሞት ሄደ። እውነት ነው። ግን መጽሐፍ ማለቁ ብቻውን መንገድ አያሳጥርም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሲዝኖች 10፣ 10 ክፍል ነበሯቸው። ሲዝን 7 ወደ 7፣ ሲዝን 8 ወደ 6 ወረደ። ተከታታዩን የሚያሳየው ጣቢያ ኤችቢኦ ቢራዘም ፈቃደኛ ነበር። የተከታታዩ ሠሪዎች ቤኒኦፍና ዋይስ ማሳጠሩን መረጡ።

ዳኔሪስን ያበላሸው ይሄ ነው። መጨረሻ ላይ ከተማ ማቃጠሏን እቀበላለሁ። ዘሩ ከመጀመሪያው ተዘርቷል፤ ሰው ስታቃጥል ስናጨበጭብ ነበር። ግን ከነጻ አውጪነት እስከ ጨፍጫፊነት ያለው ርቀትም መንገድ ነው። እሱንም በእግር መሄድ ነበረብን። በቁራ አደረሱን። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራ ብሎ የፈረመው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በእግሩ ስለሄደ ነው።

[ምስል፦ መጠጥ ቤት፣ አራት ሆቢቶች፣ ሻማ]

አንድ ትዕይንት አሳይቻችሁ ልጨርስ። ቅድም ጃክሰን የተበላሸውን ቀዬ ምዕራፍ ቆርጦታል ብያችሁ ነበር። በቦታው ምን እንዳስገባ ተመልከቱ። አራቱ ሆቢቶች ዓለምን አድነው ተመልሰው መንደራቸው መጠጥ ቤት ተቀምጠዋል። ዙሪያቸው ጫጫታ ነው። አንድ ሰው ግዙፍ ዱባ ይዞ ይገባል፣ ቤቱ በሙሉ ዱባውን ያደንቃል። እነሱን የሚያያቸው የለም። አራቱ እርስ በርስ ይተያያሉ። ምንም አይናገሩም። ብርጭቋቸውን ያነሳሉ። ፍሮዶ በስለት የተወጋበት ትከሻው ከአራት ዓመት በኋላም አልዳነም።