ያድግባቸዋል

እንደምን ሰነበታችሁ? ከጀርባዬ የምትሰሙት ድምፅ በረዶ ነው። የደሴ በረዶ፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ። የካቲት ገና አልወጣም፣ በልጉ ግን በኃይል ገብቷል። ያባራል ብዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩት። እሱ እቴ! ስለዚህ አብሮን ይቀረጽ። የዛሬው ወሬም ስለ በረዶ ስለሆነ እንደ አጃቢ ሙዚቃ ቁጠሩት።

እህቴ የምትኖረው ኖርዌይ ነው፣ ኦስሎ። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ 6 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ደግሞ 4። ኅዳር ላይ ደወለችና «ዘንድሮ ልጆቹን ስኪ ላስጀምራቸው ነው» አለች። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። «ስኪ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። በበረዶ ላይ መንሸራተት ነው አልኳት። አሁን እናቴ በረዶ ሲባል የሚመጣላት ይሄ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ነው። ጠጠሩ። ባቄላውን አበባ ላይ እያለ የሚያረግፈው። በኛ አፍ ሁለቱም በረዶ ነው። ለስኪው ዓይነት አመዳይ የሚል ቃል አለን፣ ግን ደሴ መሃል ቆሞ አመዳይ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ዝም ብዬ ስልኬን አወጣሁና ቪዲዮ አሳየኋት። ከወገቤ የማያልፍ አንድ ፈረንጅ ልጅ ከተራራ ላይ ቁልቁል ይምዘገዘጋል።

እናቴ ጀበናውን አወረደች። «ያ ረቢ! ጭንቅላታቸውስ?»

ስለ ጭንቅላት የምትጨነቅበት ምክንያት አላት። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ያደግነው ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲርስ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈን ሸርተቴ እንጫወት ነበር። ፍሬን የለ፣ መሪ የለ። 8 ዓመቴ ላይ አንድ ድንጋይ ሄጄ ገጨሁና ተፈነከትኩ። እናቴ የተፈጨ ቡና ነሰነሰችበት፣ በነጠላዋ ጠቀለለችኝ፣ ከዚያ ገረፈችኝ። በዚህ ቅደም ተከተል። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ፀጉር አስተካካዬ ማሽኑን እዚያ ጋ ሲያደርስ ሁልጊዜ ቀስ ይላል።

እና እናቴ ወሰነች። «የራሳቸውን መከላከያ የምገዛላቸው እኔ ነኝ።» ከደሴ! በማግስቱ ገበያ ወጥታ አንድ ቀይ የሞተር ሄልሜት ይዛ መጣች። የሚያብረቀርቅ። ለሙከራ የጎረቤታችንን ልጅ ጠርታ አጠለቀችለት። ልጁ ጠፋ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከትከሻው በላይ ሄልሜት ብቻ ነበር። ከውስጥ «እማማ፣ አይታየኝም» የሚል ድምፅ ወጣ።

ያን ማታ ነው እኔ ማንበብ የጀመርኩት። ፊትን ጭምር የሚሸፍን የሞተር ሄልሜት ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። የልጆች የስኪ ሄልሜት ግን ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም። የ4 ዓመት ልጅ አንገት ገና ጭራሮ ነው፣ ያን ሁሉ ክብደት ምን ብሎ ይሸከመዋል? የስኪው የራሱ ደረጃ አለው። አውሮፓ ውስጥ ኢኤን 1077 የሚል ቁጥር ከውስጡ ይለጠፍበታል። ኢኤን 1078 ከሆነ የብስክሌት ነው። በአንድ ቁጥር ነው የሚለያዩት፣ ሥራቸው ግን ሌላ ነው። የስኪው ለብርድ ታስቦ የተሠራ ነው፣ ጆሮ ይሸፍናል፣ የበረዶ መነጽሩ ማሰሪያ የሚያዝበት ከኋላው አለው።

«እሺ፣ እሷው እዚያ ትግዛና ከምትልክልኝ ቀንሳ ታስቀር» አለች እናቴ። እንዲህ ሆኖ ተስማማን። እህቴ ለናቴ የምትልከውን ገንዘብ ለራሷ መልሳ፣ በናቴ ስም፣ ለራሷ ልጆች ሄልሜት ገዛች። የሒሳብ ሰው ካላችሁ አስረዱኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እህቴ ሱቅ ገብታ በቪዲዮ ደወለችልን። ሻጩ የልጁን ራስ በሜትር ለካው። ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ በጆሮው በላይ ዞሮ፣ ከኋላ ጭንቅላቱ በጣም በሚወጣበት ጋ። 51 ሴንቲ ሜትር። ሻጩ 51ን የሚይዝ ሄልሜት አመጣ። እህቴ አየችውና ምን አለች?

«ከፍ ያለ ቁጥር የለም? ያድግበታል እኮ።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። የአንድ እናት ልጆች መሆናችን እዚህ ላይ ነው የሚታወቀው። ኦስሎ 11 ዓመት ኖራለች፣ ያድግበታል ግን አልለቀቃትም። እናንተም ታውቁታላችሁ። የኔ የዒድ ጫማ የሚገዛው ለሁለት ዒድ ነበር። በመጀመሪያው ዒድ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል። በሁለተኛው ዒድ ጣቴ ይታጠፍበታል። በልኬ የሆነው በመሃል ለሦስት ወር ነው፣ ያኔ ደግሞ ዒድ ስላልሆነ ሳጥን ውስጥ ነው። ኮቴ እጅጌው ታጥፎ ይጀምርና ክርኔ ጋ ሲደርስ ለታናሼ ይተላለፋል። እንዲህ የሚያደርጉት ስስታሞች ስለሆኑ አይደለም። ልጁ እንደሚያድግ፣ እንደሚኖር ስለሚመኙ ነው። ሰፊ ኮት የተስፋ ኮት ነው።

ሄልሜት ላይ ግን ይሄ ነገር አይሠራም። እኔ ራሴ እስካነብ ድረስ ለምን እንደማይሠራ አላውቅም ነበር። ቲቪ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ነጭ ፎም ታውቁታላችሁ? ስትሰብሩት ቅንጣት ቅንጣት የሚሆነው። የአብዛኛው ሄልሜት ሆድ እሱ ነው። ልጁ ሲወድቅ ፎሙ ይጨፈለቃል፣ ምቱን ይበላለታል። ግን ይሄን ለማድረግ ራሱ ላይ ልክክ ማለት አለበት። ሰፊ ከሆነ በወደቀ ጊዜ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ግንባሩ ባዶውን ይቀራል። ወይ ወደ ፊት ይመጣና ዓይኑን ይከልለዋል። ልክ እንደ ጎረቤታችን ልጅ።

ከኋላው የሚዞር ማጥበቂያ አለው። እህቴ «ይኼውና፣ ይጠብቃል እኮ!» አለች። ሻጩ ትዕግስተኛ ነው። ማጥበቂያው በልክ የሆነውን ማስተካከያ ነው እንጂ ትልቁን ትንሽ ማድረጊያ አይደለም አላት። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አሳየን። የአገጩን ማሰሪያ ሳይቆልፍ ሄልሜቱን አጠለቀለትና «ራስህን ነቅንቅ» አለው። ትንሹ የእስክስታ ልጅ ነው፣ ነቀነቀው። ትልቁ ቁጥር ለብቻው ይዞራል። ልኩ ግን የግንባሩን ቆዳ ይዞ አብሮ ይሄዳል። ያኔ እህቴም ገባት። ማሰሪያው ሲቆለፍ ከአገጩ ሥር አንድ ጣት ቢገባ ይበቃል። መነጽሩን ሲያደርግ በመነጽሩና በሄልሜቱ መካከል ግንባር መታየት የለበትም። ሻጩ በመጨረሻ «ቤት ውስጥ ሩብ ሰዓት ይዋልበት፣ ሲያወልቅ ግንባሩ ላይ ቀይ ምልክት ካለ መልሱት» አላት።

የትልቋ ጉዳይ ደግሞ ፀጉር ነው። ይሄን የፈረንጅ ጽሑፍ ላይ አላገኘሁትም፣ ስለዚህ ሐበሻ እናቶች ስሙኝ። ልኬቷ የተወሰደው ፀጉሯ ፈርሶ ወደ ኋላ በተያዘበት ቀን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሹሩባ ተሠራች፣ ወፈር ያለ፣ ጫፉ አናቷ ላይ የተጠቀለለ። ሄልሜቱ እንደ ሰፌድ ከላይ ተቀመጠ። አንዱ መፈታት ነበረበት፣ ወይ ሹሩባው ወይ ስኪው። ልጅቷ አለቀሰች። አሁን የምትሠራው ቀጭን፣ ወደ ታች የሚወርድ ነው። መለካት ያለባት ተራራው ላይ በምትወጣበት ፀጉር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእህቴ የሥራ ባልደረባ «ሄልሜቱ ለኔ ልጅ ጠቦታል፣ በነፃ ውሰጂ» ብላት ነበር። ደግ ሰው ነው። እህቴም ልትወስድ ነበር። እኔ ግን ተው አልኳት፣ ማለቴ ተዪው። ያ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ከላይ ፕላስቲኩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ እንደተሰነጠቀ እንቁላል ሊሆን ይችላል። የራስሽ ልጅ ከሆነ የት የት እንደወደቀበት ታውቂያለሽ። የሰው ሲሆን በምን ታውቂያለሽ? ኃይለኛ መውደቅ የቀመሰ ሄልሜት ይጣላል፣ አበቃ። ለታናሽ አይተላለፍም። እኛ ቤት የተጣለ ዕቃ ስለሌለ ይሄን ለናቴ ማስረዳት ከባድ ነበር።

ሐበሻ ከስኪ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ አትጠፉም፣ እናቴም ብላለች። ሮቤል ተክለማርያምን ነገርኳት። በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ፣ የመጀመሪያው። በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተመልሷል። ፎቶውን አይታ «ይሄስ ሄልሜት የት አለው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሱ ዓይነት አገር አቋራጭ ነው፣ እንደ ሩጫ፣ በኮፍያ ብቻ ይሄዳሉ። ሄልሜት የሚያስፈልገው ቁልቁለቱ ላይ ነው፣ በሊፍት፣ ተራራው ላይ በሚያወጣው ማሽን፣ ወጥቶ በፍጥነት ለሚወረድበት። ኖርዌይ ውስጥ ብዙ ቦታ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት ካደረገ ሊፍቱ ነፃ ነው። ይሄን ስትሰማ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስኪን ወደደችው።

አንገታቸውስ ብላ መጠየቋን ግን አልተወችም። ራስ ላይ ዕቃ ሲጨመር አንገት ይጎዳል የሚለው ስጋት የሷ ብቻ አይደለም፣ ሐኪሞችም ነበራቸው። በፈረንጆቹ 2010 ካናዳ ውስጥ የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ጥናት ሄልሜት የራስ ጉዳትን በ35 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ነበር። የአንገት ጉዳት ስለመጨመሩ ግን ማስረጃ አላገኘም። 35 በመቶ ነው፣ መቶ አይደለም። እናቴ አሰበችና «የቀረውን በዱዓ እንሞላዋለን፣ አብሽር» አለች።

አሁን የምነግራችሁ እኔን ራሴን ያስደነገጠኝ ነው። ሄልሜት አድርገው የመጫወቻ መሰላል ላይ የወጡ ልጆች ማሰሪያው አንቋቸው የሞቱ አሉ። ለዚያ ብለው ለሕፃናት ጨዋታ ሲጎተት በራሱ የሚከፈት፣ አረንጓዴ ማሰሪያ ያለው ሌላ ዓይነት ሠርተዋል። የስኪው ግን አይከፈትም። ስለዚህ ከበረዶው ወርደው ወደ ዥዋዥዌ ሲሮጡ መጀመሪያ ሄልሜቱ ይወልቃል። እህቴ በር ላይ ጽፋ ለጥፋዋለች።

የቀረኝ የኮፍያው ጉዳይ ነው። እናቴ ይሄ ሁሉ ሲሆን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በኪሮሽ ሁለት የሱፍ ኮፍያ ሠርታ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ በሰው ልካለች። ከሄልሜቱ ሥር እንዲያደርጉት። እህቴ ለኔ ደወለችና «አንተ ንገራት» አለችኝ። ምክንያቱም ወፍራም ኮፍያ ከሥር ከገባ ሄልሜቱ ልኩን ያጣል፣ ስስ ካልሆነ አይሆንም። የሷ ኮፍያ ደግሞ የደጋውን፣ የጉጉፍቱን ብርድ አስባ የሠራችው ነው፣ ብርድ ልብስ በሉት። ነገርኳት። ስኒዎቹን ማጠብ ጀመረች። ሁለት ቀን ስለ ስኪ አልተነሳም።

ባለፈው ሳምንት የልጆቹ የክረምት ዕረፍት ነበር። እህቴ ፎቶ ላከች። ሁለቱም በረዶው ላይ ቆመዋል፣ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ተለጥጧል፣ ሄልሜታቸው ልክ ነው። ከሄልሜቱ በላይ ደግሞ፣ ተወጥሮ ተወጥሮ ሊቀደድ የደረሰ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ የሱፍ ኮፍያ። ለፎቶው ብቻ ነው አለች እህቴ፣ ወዲያው ነው ያወለቁት። ይህን ለናቴ አልነገርኳትም።

እናቴ ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው። በጣቷ አሰፋችው። ከዚያ ተነስታ የክር ዘንቢሏን አመጣች። አሁንም እዚያ ማዶ ተቀምጣ እየሠራች ነው፣ ኪሮሹ በበረዶው መሃል ከተሰማችሁ። ጠበባቸው አለች። ይሄኛውን ሰፋ አድርጋ ነው የምትሠራው፣ ያድግባቸዋል።